ሻላ ይዘነው የሄድነው በግ

በ1964 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሁን ሰበታ እዚህ ደጃችን ያለው የፋብሪካ ቦይ እንደ ተበላሸ እንቁላል በሸተተኝ ቁጥር ያ የሻላ ፓርክ ፍል ውሃ ይመጣብኛል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ደበላ ጉልበቱን ስላመመው ሊታጠብ ሄደ፤ እኔና አባቴም አብረን ሄድን። እንደ ልማዱ ሲታጠብ እንዲድን የሚታረድለት በግ ይዘን ነበር።

አጎቴ ሰበታ ገበያ ሌባ ስለሚፈራ የበግ ገመድ እጁ ላይ ይጠመጥም ነበር። ሻላም ጠመጠመው።

«ኦቦ ደበላ» አለው አባቴ ሲያሾፍበት፣ «እዚህ ሌባው ጅብ ነው፤ ፍታው።»

«ከእኔ እጅ? እስቲ ይሞክር!»

ጀምበር ስትጠልቅ፣ ገና ሳይታጠብ ከፍል ውሃው ዳር ተቀምጠን ሳለ ጅቡ መጣ። የበጉን አንገት ነክሶ ሲጎትት አጎቴም በደረቱ ተጎተተ፤ አንድ እግሩ ከመታጠቢያው በላይ ውሃው እየፈላ የሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

«ያ ዋቃ! አምላኬ፣ እግሬን!»

አባቴ ለማረጃ በያዘው ቢላ ገመዱን ቆረጠ፤ ጅቡ በጉን ይዞ ሄደ። ስናወጣው የእግሩ ቆዳ እንደ ካልሲ ወለቀ። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ልጆቼ የቦዩ ሽታ ብቻ የሚያናድደኝ ይመስላቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ውስጥ የቀረውን ጫማውን በእንጨት አወጣሁለት። እግሩ አብጦ አልገባ ስላለው እስከ ሰበታ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ጫማውን አቅፌ መጣሁ።