ቤት በዝናብ የሚያሳየው ደላላ

አሸብር በበጋ ቤት ያሳያል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ግን ገዢና ሻጭ አያዋውልም። አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ሰፈር፣ ከአንድ የጆንያ ነጋዴ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል። ሰማዩ ሲጠቁር ይነሳል። ጃንጥላውን ለገዢው ይሰጥና እሱ ኮቱን ራሱ ላይ ደርቦ ይቀድማል። አንድ ጊዜ ጫማው ጭቃ ውስጥ የሰጠመበት ሰው ቢያጉረመርም፣ የመጣነው ቤት ልናይ ነው፣ ፀሐይ ካማረህ እዚሁ ቆመህ ጠብቅ ብሎት ሄደ። ሰውየው ተከተለው።

ቤት ሲገባ አይናገርም። ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ቆርቆሮው አሮጌ የሚስማር ቀዳዳ ካለው ከምን አለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ተገዝቶ ዳግም የተመታ ነውና ዋጋ ያስቀንሳል። ከዚያ ጎረቤት ያንኳኳል። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ የቤቱ ባለቤት ለባለመሬቱ ኪራይ መክፈል አለመክፈሉን፣ በቤቱ ላይ የሚከራከር ወንድም ወይም የእንጀራ ልጅ እንዳለ ይጠይቃል። ቤቱን አሲዞ ገንዘብ መበደር የሚፈልግ ሰው ከመጣ ደግሞ አንድ ምክር አለው። የምትተኛበትን ክፍል ስጥ፣ የምትሠራበትን ግን አትስጥ ይላል። ሰው ዘመድ ቤት ያድራል፤ ሱቅ የሚያበድር ዘመድ ግን የለም።

በ1956 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ገብረ ኢየሱስ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ሞተ። ከአሸብር ጋር የአንድ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሰዎች ነበሩ፤ በየወሩ አብረው ይጠጣሉ፣ አብረው ይበላሉ። ሟቹ ለሚስቱ ለሠርኬና ለአንዲት ሴት ልጁ የተወው ሰባተኛ ያለ የጭቃ ቤት ነው። የፊት ለፊቱ ክፍል ወደ መንገድ የሚከፈት የበርበሬ ሱቅ ነው፤ ኋላው መኝታ።

የአርባው ተዝካር ሲቃረብ ሠርኬ አሸብርን አስጠራችው። የባሏ ዘመዶች ከጎጃም ይመጣሉ፤ ማኅበርተኛው አለ፤ የበርበሬ ተራ ሰው አለ። ድንኳን፣ በሬ፣ ጠጅ ያስፈልጋል። እጇ ላይ ያለው ለአንዱም አይበቃም። ሱቁን በወለድ አገድ ላስይዝ አለችው። ወለድ አገድ ማለት አበዳሪው ወለድ አይቀበልም፤ በወለዱ ፈንታ ቤቱን ይዞ ይጠቀምበታል፤ ተበዳሪዋ ዋናውን ስትመልስ ቤቷን ትረከባለች።

ለማንም የሚሰጠው ምክር አፉ ላይ ነበር። ሱቁን ተይው፣ ድግሱን አሳንሺ ማለት ነበረበት። ነገር ግን የሟቹ ማኅበርተኛ ሆኖ ድግስ አሳንሺ ቢል፣ አሸብር ለጓደኛው ተዝካር ሰሰተ ይባላል። ምክሩን ዋጠው። አበዳሪ አፈላልጎ መጣ።

አበዳሪው ሰላሁዲን ይባላል፤ አቡጀዲ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥና ለመጋዘን የሚሆን ክፍል የሚፈልግ ወጣት ነው። ለሁለት ዓመት ተስማሙ። ተዝካሩ ስለማይጠብቅ ውሉ በጠራራ ፀሐይ ተፈረመ። አሸብር ያንን ግድግዳ በዝናብ አላየውም። ግድግዳው ቢፈርስ ማን ይሠራል የሚለውንም ማንም አልጠየቀም።

ተዝካሩ ደምቆ ወጣ። የጎጃም ዘመዶች መርቀው ሄዱ።

ሐምሌ ላይ ሰላሁዲን ወደ አግዳሚው ወንበር መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ጋሼ አሸብር፣ ያገናኙኝ ከመጋዘን ጋር ነው ወይስ ከወንዝ ጋር?»

የመንገዱ ጎርፍ ግድግዳውን ከሥሩ በልቶታል። ሁለት ጥቅል አቡጀዲ በስብሷል። ሰላሁዲን ግድግዳውን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራው፣ ጣሪያውንም በአዲስ ቆርቆሮ ሊለውጠው ፈለገ። የሰው ቤት ነውና ባለቤቷ ትወቅ አለ። አሸብር እኔ እነግራታለሁ ብሎ መለሰው።

አልነገራትም። ሁለት ጊዜ እስከ ደጇ ሄደ። ጥቁር ለብሳ፣ ጠጉሯን ተላጭታ አያት። ሐዘን ቤት ገብቶ ስለ ብሎኬት ማውራት ነውር መሰለው። ሁለቱንም ጊዜ እግዜር ያጥናሽ ብሎ ተመለሰ። ሰላሁዲን መልሱን ሲጠይቀው፣ ግድግዳውን ሥራው ብሎ ፈቀደለት።

ሠርኬ ብሎኬቱ ሲወርድ አይታለች። ሰውየው ለራሱ ዕቃ ብሎ ነው፣ ወጪውም የራሱ ነው ብላ ተወችው። ሱቅ ስለሌላት በርበሬ ተራ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጣለች። ዕቁቡ ሲደርሳት የብድሩን ዋና አሟልታ፣ ሱቄን መልስልኝ ብላ ሰላሁዲን ፊት ቆመች።

ሰላሁዲን ዋናውን ለመቀበል አልከፋውም። የግድግዳውና የጣሪያው ወጪስ ብሎ ጠየቃት። ያ ወጪ ከዋናው አያንስም ነበር።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አቶ ደመቀ ናቸው፤ ከሰላሁዲን ወገን አንድ ሐጂ ተቀመጡ። አሸብር ያዋዋለ ነውና መሃል ላይ ተቀመጠ። ሠርኬ አላዘዝኩም አለች። ሰላሁዲን ተፈቅዶልኛል አለ። ማን ፈቀደልህ ሲባል መሬት መሬት አየ።

«የፈቀደልኝ ሰው እዚህ አለ» አለ። «እኔ ስሙን አልጠራም። ታላቄ ነው፤ ራሱ ይናገር።»

ሌላ ምስክር አልነበረም። አሸብር አላውቅም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሠርኬ ሱቋን በዋናው ብቻ ትረከባለች፣ ሰላሁዲን ብሎኬቱን ከስሮ ይወጣል። ሊያዳምጡ የመጡት ማኅበርተኞች ሁሉ ይህንኑ ይጠብቁ ነበር። አቶ ደመቀ ጥያቄውን ሲደግሙለት እንኳ ከነገሩ የሚያወጣውን መልስ አብረው እያቀበሉት ነበር።

«አሸብር፣ መቼም አንተ ሳታስፈቅዳት በሰው ቤት ግንብ ገንባ አትልም።»

«ብያለሁ» አለ አሸብር። «ልጁ ጠይቆኛል። እነግራታለሁ ብዬ ሳልነግራት ሥራ አልኩት።»

አንዱ ማኅበርተኛ በጉሮሮው ድምፅ አሰማ። ሐጂው ብቻ ደግ አደረግህ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልቆዩም። አሸብር የወሰደውን የድለላ ገንዘብና በእጁ ያለውን ጨምሮ ለሰላሁዲን ይክፈል አሉ። የቀረው ወጪ በኪራይ እስኪታሰብ ሰላሁዲን ሱቁን ሦስት ዓመት ይያዝ፤ ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ ይውጣ። ዋናው ያን ቀን ተቆጠረ። ሠርኬ ዕቁቧን ሰጥታ፣ ሱቅ ሳትቀበል ወጣች።

አሸብር መንገድ ላይ ደረሰባት። ምን እንደሚል አላሰበም ነበር። እሷ ቀደመችው። ሌሎች እንደሚሉት ጋሼ አላለችውም።

«አቶ አሸብር፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሐዘን ላይ ነበርሽ። እንዴት ብዬ ስለ ቤት ላንሳብሽ?»

«በሐዘኔ ከርቸሌ የገባሁ መሰለዎት? ከተዝካሩ ማግስት ጀምሮ በርበሬ ተራ ዝናብ እየመታኝ ስሸጥ ነበር። በጆንያዬ አጠገብ ሲያልፉ አይቼዎታለሁ።»

ነጠላዋን አስተካክላ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አቅጣጫ ወረደች።

ማኅበሩ አሸብርን አላስወጣውም። ሆኖም ጽዋው ተራው ሲደርስ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ቀነሰ። ሥራውም ቀነሰ። ለመበደር የሚመጡ ሰዎች የራሳቸውን ጥፋት በአደባባይ የሚናገር ደላላ የእነሱንም ይናገራል ብለው ፈሩት። የገዢ ነገር ግን ሌላ ነው። ገዢዎች አንዳንዴ ይመጣሉ፤ በተለይ ሰላሁዲን የሚልካቸው።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ከስልጤ የመጣ ገዢ ይዞ በሰባተኛ መንገድ ሲያልፍ ዝናቡ ጠነከረ። ሰውየው ጃንጥላውን ይዞ ቆመ። ጎርፉ የመንገዱን የጭቃ ግድግዳዎች ሁሉ ሲያጥብ አንዱ የብሎኬት ቤት ደረቅ ሆኖ ቆሟል። ገዢው ሄዶ ግድግዳውን አሸብር እንዳሳየው በመዳፉ ዳበሰ።

«ጋሼ፣ የምፈልገው እንዲህ ያለ ነው። ይሄ አይሸጥም?»

«አይሸጥም» አለ አሸብር። «ባለቤት አለው።»

«የማን ነው?»

አሸብር በበርበሬ ተራ በኩል አየ። ዝናቡ ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«የአንዲት በርበሬ ነጋዴ» አለና ኮቱን ራሱ ላይ ደርቦ ቀደመ።