ስልኩን አታንሱ

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ሌሎቹን ስወቅስ "እሷስ?" የሚል እንዳይመጣብኝ ነው። ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ሁለት ጊዜ ይጠራል። ካልተነሳ አባቴ ደህና ነው። ከተነሳ አንድ ነገር ሆኗል፤ እኔም ሥልጠናውን ጥዬ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ልጅ እንኳን የሚረዳው ሕግ ነበር።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። በወጣትነቱ ከደጋ ተመድቦ መጥቶ፣ ሙቀቱንም ወባውንም ለምዶ፣ እዚያው የቀረ ሰው። በኩርኩም ያስተማራቸው ልጆች ክልሉ ሲቋቋም የቢሮ ኃላፊ ሆኑ። መንገድ ላይ ሲያዩት መኪናቸውን አስቁመው ይወርዱና "ቲቸር፣ እንደምን አሉ?" ይሉታል። እሱም እጃቸውን ጨብጦ ሳይለቅ፣ አምስተኛ ክፍል ሳሉ የወደቁትን የሒሳብ ፈተና በአጃቢዎቻቸው ፊት ያነሳባቸዋል። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ የነበርነው እሱ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነን። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ በሰው ደም ውስጥ የወባ ተውሳክ ስፈልግ እውላለሁ።

ሕንድ አገር የአንድ ዓመት ሥልጠና ሲመጣልኝ የአባቴ ልብ ታሞ ነበር። ከቤት እስከ ገበያ ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። ሲመሽ እግሮቹ ስለሚያብጡ ጫማው አልገባ ይለዋል። "አልሄድም" አልኩት።

"ለምን? እኔን ልትጠብቂ? እኔ በግ ነኝ?" ብሎ ተቆጣ።

ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሺ ያልኩት በአንድ ነገር ተስማምተን ነው፤ ቢብሰው ይነገረኛል፣ እኔም እመጣለሁ። እሱም እህቴም እጄን ጨብጠው ቃል ገቡልኝ። እህቴን ለየብቻ ወስጄ ደግሞ አስማልኳት። በሐሰት የማትምል ሰው ናት ብዬ ነበር።

ታዲያ እንዴት ይነገረኝ? ደብዳቤ ወር ከምናምን ይፈጃል፤ ዝናብ መንገዱን ከቆረጠው ደግሞ ሁለት ወር። ከሕንድ ስልክ ደውሎ ማውራት የሳምንት ቀለቤን የሚበላ ነገር ነው። ቤታችን ስልክ የለም። የነበረው ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው፤ በቀጥታ የሚደወል ስልክ ከተማው ውስጥ በገባ ሰሞን ቀድመው ካስገቡት አንዱ ባለሱቁ ነበሩ። ሁላችንም ሀጂ እንላቸዋለን። ልጅ ሆነን ስኳር ሲሸጡልን ሚዛኑ ረግቶ እስኪቆም ትንፋሻቸውን የሚይዙ ሰው ናቸው፤ ለሕፃን እንኳን አያጎድሉም። ስልኩ ከባትሪ ድንጋዩና ከሳሙናው መሀል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ማንም ተነስቶ እንዳይደውልበት መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ገቢ ጥሪ ግን ቁልፉ አይከለክለውም፤ ካልተነሳ ደግሞ ማንም ላይ አይቆጥርም። ያቺን ቀዳዳ ያገኘሁ ቀን ብልጠቴን ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ።

ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ሲጠራ ከእህቴ በቀር ማንም እንዳያነሳው ነግሬ "ሀጂ፣ ላስቸግርዎት ነው" ስላቸው "ምን ገዶኝ ልጄ፣ እሱ እንደሆን ተቀምጦ ነው የሚውለው" አሉኝ።

ሕንድ ውስጥ የማድርበት ሰፈር ጥግ ላይ አንዲት የመስታወት ክፍል ነበረች፤ ውስጧ ስልክ፣ ከስልኩ በላይ ደግሞ ሒሳቡን በቀይ ቁጥር የሚያሳይ ሳጥን አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እገባና እደውላለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እዘጋለሁ። ቀዩ ቁጥር ከዜሮ አልተነቃነቀም። ባለቤቱ መጀመሪያ አዘነልኝ፤ የሚያነሳላት ያጣች ምስኪን መስዬው ነበር። ኋላ ላይ ነገሩን አስረዳሁት፤ ስላሉ ነው የማያነሱት፣ ደህና ስለሆኑ ነው አልኩት። አንገቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እዚያ አገር ይህ እሺ ማለት ይሁን አብደሻል ማለት ይሁን እስክመለስ ድረስ አልለየሁም። እንዳይቀየመኝ ሁልጊዜ አንድ ብስኩት እየገዛሁት እወጣለሁ።

ደስታዬን መደበቅ አልፈልግም። ከዚያ ማዶ የሚጠራው የሀጂ ስልክ ነው። መደርደሪያው ይታየኛል፤ በር ላይ የተቆለለው የላስቲክ ጫማ፣ ጋዝ ልትገዛ ጠርሙስ ይዛ የቆመች ሴት፣ ሁሉም ይታየኛል። ሳይነሳልኝ ስዘጋ እንደ ልጅ እየዘለልኩ ነበር የምሄደው። ከእኔ ጋር የሚሠለጥኑት ሌሎች አፍሪካውያን ደውለው፣ ሦስት ደቂቃ አልቅሰው፣ ከፍለው ሲወጡ ሳይ እስቅባቸው ነበር። ለሁለቱ ዘዴዬን አስተምሬያቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ብቻ ሕጌን ጣስኩ። ከሄድኩ አራተኛው ወር ነበር፣ የገና ሰሞን። ሆዴ ባባብኝ። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ እጄ አልዘጋም አለኝ። ሦስት። አራት። ቢነሳ ክፉ ወሬ መሆኑን እያወቅሁ፣ አባቴን የሚጎዳ ነገር መሆኑን እያወቅሁ፣ እንዲነሳ ተመኘሁ። አምስት ሲል ደንግጬ ዘጋሁት። አፍሬ ያን ቀን ብስኩት ሳልገዛ ወጣሁ።

የእህቴ ደብዳቤዎች ይመጡ ነበር። "አባባ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሰላምታውን እኔ ጻፍኩለት" ትላለች። "ያው ተማሪዎቹን መንገድ ላይ እያዋረደ ነው" ትላለች። ሳነበው እስቃለሁ። ደብዳቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጠረጥር ነበር፤ ወረቀት የጻፉበትን ሁሉ ይሸከማል። ስልኩን ያመጣሁት ለዚሁ ነው። ሥራዬ እኮ ሌላ አስተምሮኛል። መቶ ቦታ ፈልገን ተውሳክ ብናጣ እንኳን ወረቀቱ ላይ "የለም" ብለን አንጽፍም፤ "አልታየም" ነው የምንጽፈው። ይህን ስንት አዲስ ሠራተኛ አስተምሬበታለሁ።

ዓመቱ አልቆ በመስከረም ተመለስኩ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነስቼ መቱ አድሬ፣ በማግስቱ ከቡሬ ቁልቁል ስንወርድ ያ የምናውቀው ሙቀት በመስኮት ገባ። ጉልበቴ ላይ የያዝኩት ለአባቴ የገዛሁትን ነጠላ ጫማ ነው። ላዩ የሚላላ፣ እግር ሲያብጥ የማይጨቁን፣ ሦስት ገበያ ዞሬ ያገኘሁት።

ጋምቤላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ የከፋዋ ሳይሆን የእኛዋ ቦንጋ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተሳፈረ። የአኙዋ ተወላጅ ነው፤ ከገጠር ጤና ጣቢያዎች የደም ናሙና ሰብስቦ የሚያመጣልን እሱ ነበር። እሱም የአባቴ ተማሪ ነው። ሲያየኝ የናሙናውን ሳጥን መሬት አስቀምጦ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"አይዞሽ" አለኝ። "እግዜር ያጽናሽ። ቲቸር ትልቅ ሰው ነበር። እኛ ሁሉ ቀብር ሄደናል። የሬሳ ሳጥኑን ኃላፊዎቹ ተሸክመው፣ እኔም ተሸክሜ። አንቺ ሩቅ ሆነሽ፣ በጣም አሰብንሽ።"

ስምንት ወር ካለፈው በኋላ እንደማላውቅ በምን ይጠርጥር? አባቷ የሞተባትን ሰው አግኝቶ አጽናናት፤ አለቀ። "መቼ ነበር ቀኑ?" አልኩት፣ ቀኑ ብቻ የጠፋኝ መስዬ።

"ገና ሊደርስ ሲል" አለኝ። "ማክሰኞ።"

የናሙናውን ሳጥን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። እስክንደርስ ቅዳሜዎቹን እቆጥር ነበር። ከሠላሳ በላይ ናቸው። ከሠላሳ ጊዜ በላይ ደውዬ፣ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ደህና ነው ተብዬ፣ እየዘለልኩ ሄጃለሁ።

መናኸሪያው ላይ እህቴና ሀጂ ጠበቁኝ። እህቴ አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ፣ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ቀሚሱን አወቅሁት፤ የጎረቤታችን ነው። የራሷ ሁሉ ጥቁር ተነክሮ ስለነበር ለእኔ መቀበያ መዋሷ ነው። ያን ቀሚስ ሳይ ከመርዶው ይልቅ አመመኝ።

"አባባስ?" አልኳት።

"ጸበል ወስደውት፤ ነገ ይመጣል" አለች፣ ዓይኗን ሻንጣዬ ላይ አድርጋ። ሀጂ የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ።

ልናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። እስከምን ድረስ እንደሚዋሹኝ ማየት ፈለግሁ፤ ክፋቴ ነው። ያቀረቡልኝን በላሁ። የሕንድን ወሬ ጠየቁኝ፣ አወራሁ። አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ ሰው የሚያድርበት እንዲመስል ተዝረክርኮ ተነጥፏል። ይህንንም ያሰበ ሰው አለ።

መርዶ በንጋት እንደሚነገር አውቃለሁ። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶችና ሀጂ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ወደ ግቢው ገቡ። ሲያዩኝ ባሉበት ቆሙ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኳቸው። "ስምንት ወር ሙሉ ይዛችሁት ከባድ ነው። አሁን አስቀምጡት።"

ሴቶቹ እሪ አሉ። እኔ አላለቀስኩም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ልጄ፣ ወጉ ነው" አሉኝ። "ባሕር ማዶ ያለ ሰው፣ ደግፎ የሚይዘው ዘመድ በሌለበት፣ ብቻውን መርዶ አይሰማም። አዝነንልሽ እንጂ ጠልተንሽ አይደለም።"

እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ወንድሟ የሞተባት ባልደረባችን ወደ ገጠሩ ፑኝዶ ለሥራ ወጥታ ሳለ፣ እስክትመለስ በሬዲዮ እንዳይነገራት ካሉት አንዷ ነኝ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ግን እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። ወጉን እያወቅሁ፣ እኔ ላይ እንዳይሠራብኝ ብዬ ነው ያስማልኳቸው። በወጉ ሳይሆን በራሴው ምልክት ነው ያታለሉኝ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ ይቅር ብያለሁ ብዬ መዋሸትም አልፈልግም።

"ሀጂ፣ እርስዎም?" አልኳቸው።

"እኔ ስልኩን አልነካሁም" አሉ። "ግን ልጄ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን ሱቁን ትቼ እወጣ ነበር። ሲጠራ መስማት አልቻልኩም።"

ሰዉ ከተበተነ በኋላ እህቴና እኔ ቀረን። ነጠላ ጫማውን ከፌስታሉ አውጥቼ አልጋው ሥር፣ እሱ ጫማውን ያስቀምጥበት በነበረው ቦታ አስቀመጥኩት። እህቴ ይህን ስታይ ቁጭ አለች። ጥቁሯን መልሳ ለብሳለች።

"የመጨረሻዋን ቅዳሜ ልንገርሽ?" አለችኝ። "ካልነገርኩሽ ይገለኛል።"

"ንገሪኝ።"

"በጣም ደክሞ ነበር። ሱቅ ውሰዱኝ ብሎ ለመነን፤ ሲጠራ መስማት ይወድ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ደግፈን ወሰድነው። ሲጠራ 'እሷ ናት' አለና እጁን ዘረጋ። ሊያነሳው ነው። እጁን ያዝኩት። 'አባባ፣ ካነሳኸው ደንግጣ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች' አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"'ትምጣ' አለኝ።"

ቀሚሷን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

"ቶሎ የሚያቆም መስሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ሁለቴ ነው። የዚያን ቀን አላቆመም። እሱ ይስባል፣ እኔ እይዛለሁ። አምስት ጊዜ ጠራ። እስከ አምስተኛው ድረስ አልለቀቅሁትም።"

አምስት ጊዜ ማስጠራቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።