ሁለት አፍ የሚጠራው ስም

ባለፈው ሳምንት ደሴ መናኸሪያ ውስጥ አንዲት ሴት ራሷን ስታ ወደቀችና፣ አብረዋት የነበሩት ሰዎች እንደ አገራችን ልማድ ጆሮዋ ላይ ተደፍተው «አስቴር! ኧረ አስቴር!» እያሉ ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ። ሴትዮዋ ውሃ ተረጭቶባት ተነሥታ፣ ነጠላዋን አራግፋ መንገዷን ቀጠለች፤ እኔ ግን የያዝኩትን ሽንኩርት መሬት ላይ በትኜ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ድምፁ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶ፣ ከመካነ ሰላም በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬደው መንደራችን ወሰደኝ። እዚያ አንድ ቀን አንዲት ሕፃን ራሷን ስታ፣ የምንጠራት ስም አልነበራትም።

ሁለት አያቶች ነበሩኝ። የአባቴ አባት አባባ ወልዴ ጾም የሚወድዱ ክርስቲያን ነበሩ፤ ከዓመቱ ቀናት ውስጥ አራት መቶውን ይጾሙ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። የእናቴ አባት ሼህ እንድሪስ ለመንደሩ ልጆች ቁርዓን ያስቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር፣ ሲጣሩም ከሸንተረሩ ማዶ የተኛ በግ ይነሣ ነበር። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው በሬዎቻቸውን አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የአንዱን ሌላ ቀን የሌላውን ማሳ እያረሱ ሃያ ዓመት ኖረው፣ በመጨረሻ ልጆቻቸውንም አቀናጁ። እናቴ ለጋብቻው ስትል ክርስትና ተነሥታ አዲስ ስም ተሰጥቷት ነበር፤ ግን ያጠመቋት ቄስ እንኳ ሳይቀሩ ዘይነባ እያሉ ነበር የሚጠሯት። እኔ ስወለድ አገሩ ጥጋብ ስለነበር ስሜ ማንንም አላጣላም፤ ዓለሚቱ ተባልኩ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ አለቀ።

ከዚያ ዝናብ አገራችንን ረሳት። የበልጉ ገብስ በቅሎ፣ ቢጫ ሆኖ፣ እንደ አሮጌ ሰው ፀጉር ሳስቶ ቀረ። አንደኛው በሬ ሞተ፣ ብቻውን የቀረው ደግሞ ለእህል ተሸጠ። ሰዎች በየቀኑ በደጃችን እያለፉ ወደ ደሴ ይሄዱ ነበር፤ መጀመሪያ በቅሎ ይዘው፣ ኋላ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ኋላ ምንም ሳይይዙ። ወንድሜ በዚያ ክረምት መግቢያ ተወለደ። ሼህ እንድሪስ በቀኝ ጆሮው አዛን አሉበትና «ሰይድ» ብለው ጠሩት፤ አባባ ወልዴ ደግሞ ክርስትና የሚነሣበትን አርባኛ ቀን እየጠበቁ «ገብረ ማርያም» ይሉት ነበር። የእናቴ ጡት ደረቀና ልጁ ሳይጠመቅ ሞተ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ወንድሜ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ ከጧት እስከ ማታ መደብ ላይ ዋለ። ቄሱ ያልተጠመቀ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ አይቀበርም አሉ። ሼህ እንድሪስ «እንግዲያው አዛን የሰማ ልጅ ነው፣ ከእኛ ዘንድ ይረፍ» አሉ። አባባ ወልዴ «የልጄን ልጅ ከወገኑ ለይቼ አልቀብርም» አሉ። አንድም ክፉ ቃል አልተለዋወጡም፤ አንቱ እየተባባሉ፣ እየተከባበሩ ነው ቀኑን የጨረሱት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አባቴ ዶማ አንሥቶ፣ ልጁን ታቅፎ ወጣና፣ በሁለቱ ሽማግሌዎች ማሳ ድንበር ላይ ከቆመው ወይራ ሥር ቀበረው። ሁለት ስም የነበረው ልጅ አንድ መቃብር አጣ። በጥር አባቴ እናቴን እርጉዝ ትቶ ሥራ ፍለጋ በከላላ በኩል ወረደ፤ በዚያው ቀረ፣ የት እንደወደቀም የነገረን የለም።

እኅቴ በነሐሴ ስትወለድ የምታህለው ድመት ነበር እላለሁ፤ ግን ድመቶቹም ተሰደው ስለነበር አስተያይቶ መማል አልተቻለም። ሁለቱ አያቶቼ እየተጋፉ ሲመጡ እናቴ ከአራስ መኝታዋ ተነሥታ፣ መቃኑን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ በጆሮዋ አንዲት ቃል አይሉባትም። አባባ፣ እርስዎም ሰማንያ ቀን ብለው ለክርስትናዋ አይቆጥሩም። ሁለታችሁም የምትጠሩት አንድ ስም በአንድ አፍ ይዛችሁ ኑ፤ እስከዚያ ልጄን አትነኳትም።»

«ዘይነባ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ስም እኮ...» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«ያንን እንዳዋላችሁት ይችን አታውሏትም!» አለችና በሩን ዘጋችባቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ወይራው ሥር ተቀምጠው ስም ይፈልጉ ነበር። እኔም እሄድ ነበር፤ ትምህርት ቤት በሌለበት አገር ከዚያ የተሻለ ትምህርት አልነበረም።

«መርየም እንበላት። ለሁላችንም የተከበረች ናት» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«የእመቤታችንን ስም እንዲያው ብቻውን? ወለተ ማርያም ከሆነ እሺ።»

«ወለተ የሚለውን አፌ አይለምደውም። ሐዋስ?»

«ሔዋንን? አንዲት ፍሬ በልታ ሁላችንን ያስባረረችውን? በዚህ ዘመን ስለ መብላት ልናነሣ ነው? ይልቅ ሣራ ትባል።»

«ሣራ እስከ ዘጠና ዓመቷ ልጅ አላየችም። አንቱ እስከዚያ ሊጠብቁ ነው?»

እኔም ጣልቃ ገብቼ «እንደኔ ዓለሚቱ ዓይነት ስም ለምን አታወጡላትም?» አልኩ።

«እሱ ለመጠሪያ ነው» አሉ አባባ ወልዴ፣ ዓይናቸውን ወደ ወይራው ሥር ጥለው። «መቃብር ላይ ቄሱም ሌላ ስም ይጠይቃሉ፣ ኢማሙም ሌላ ስም ይጠይቃሉ።»

ያኔ ገባኝ። ስም የሚፈልጉላት ለምትኖረው ልጅ አልነበረም።

መስከረም ላይ ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸውን ከመካነ ሰላም ገበያ የተመለሰ ጎረቤት ነገረን፤ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ አስተማሪም ለተወለደች ልጅ ከእንግዲህ «አብዮት» የሚለውን የሚያህል ስም የለም ማለቱን ጨመረልን። አያቶቼ በአንድ አፍ «አይሆንም!» አሉ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይኸው ነበር። ከዚያ ወደ ስም ክርክራቸው ተመለሱ።

እኅቴ ግን እየከሳች ነበር፣ እኔም አላስችል ሲለኝ ውሸት ፈጠርኩ። ለአባባ ወልዴ፣ «ሼህ እንድሪስ ‹ወልዴን ማስከፋት ሰለቸኝ፣ ወለተ ማርያም ትባል› አሉ» አልኳቸው። ለሼህ እንድሪስ ሮጬ፣ «አባባ ወልዴ ‹ለወዳጄ ስል ፋጡማ ትባል› አሉ» አልኳቸው። አንደኛው ልቡ ራርቶ ዝም ይላል፣ የሌላው ስም ያልፋል ብዬ ነበር። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ግን አልቆጠርኩትም።

«ፋጡማ ትባላለች፤ ተቆርጧል» አሉ በማግስቱ አባባ ወልዴ።

«በጭራሽ! ወለተ ማርያም ናት» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«አንቱን አስከፍቼ የት እደርሳለሁ?»

«ወላሂ አይሆንም! አንቱ ተሸንፈውልኝ እኔ በምን ፊቴ ሰው አያለሁ?»

ለየራሳቸው ሲሟገቱ እንዲህ አልጮኹም ነበር። ክርክሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀጠለ። አባባ ወልዴ መንገድ ለመንገድ «ፋጡማ፣ ፋጤ» እያሉ አፋቸውን ሲያለማምዱ፣ ሼህ እንድሪስም ለሶላት ውዱእ እያደረጉ «ወለ... ወለተ...» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በመጨረሻ አባባ ወልዴ፣ «ለመሆኑ አንቱ ወለተ ማርያም ትባል ያሉ ጊዜ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ሼህ እንድሪስ «እኔ? አንቱ አይደሉ እንዴ ፋጡማ ያሉት?» አሉና ሁለቱም ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ዓለሚቱ፣ ነይ እስቲ ወዲህ።»

ሦስተኛ ውሸት እያሰብኩ ሳለሁ እናቴ ከቤት ጮኸች።

ስንደርስ እኅቴ እናቴ ጭን ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግታለች፣ ዓይኗ ተገልብጧል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። እንዳትነኳት ያለችው እናቴ ራሷ ልጅቱን አንሥታ ዘረጋችላቸው።

«ጥሯት! ስም ካላችሁ ጥሯት!»

አባባ ወልዴ በጉልበታቸው ወድቀው ቀኝ ጆሮዋ ላይ ተደፉ። «ፋጡማ! ኧረ ፋጡማ!» ሼህ እንድሪስ ደግሞ በዚያ በግ በሚያስነሣው ድምፃቸው፣ «ወለተ ማርያም! ወለቴ! ወለቴ!» ይሉ ጀመር። ይታረማሉ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ራሳቸው ስም ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሱም። ሺህ ጊዜ ነው የጠሯት እላለሁ፤ እናቴ ግን ዕድሜዋን ሁሉ «ሰባት ቢሆን ነው» ትለኝ ነበር። ከዚያ ልጅቱ ትንፋሽ ሳበችና፣ ቅባት እንደሌለው በር ሲጥጥ የሚል ልቅሶ አወጣች።

አባባ ወልዴ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ለማናችን ነው የመለሰችው?» ብለው ጠየቁ።

«ለሁለታችሁም ነው» አለች እናቴ። «ሁለቱም ይሁኑላት። ግን እንዳሁኑ ጥሯት፤ አባባ፣ እርስዎ ፋጡማ። አባዬ፣ እርስዎ ወለቴ።»

«መቃብሯስ?» አሉ ሼህ እንድሪስ በዝቅታ።

«እሱን አርጅታ ራሷ ትንገራችሁ።»

ስለ ውሸቴ ማንም አልገረፈኝም፤ ሼህ እንድሪስ ብቻ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገው «አንቺ መዓተኛ፣ አፉ ብዬሻለሁ» አሉኝ። አባባ ወልዴ ጥቅምትን አልጨረሱም፤ ረሃቡ የነካው ሰውነታቸው ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ቄሱ ሊያናዝዟቸው ሲመጡ «አስቀድማችሁ ፋጡማዬን አምጡልኝ» ቢሉ፣ ቄሱ ደንግጠው በመጨረሻ ሰዓት ሰልመው እንደሆነ ጠየቁን። ሼህ እንድሪስ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሸኝተው፣ እኅቴን ታቅፈው ፍትሐቱ እስኪያበቃ ውጭ ቆመው ነበር።

ከመናኸሪያው በተመለስኩ ማግስት ሞንትሪያል ያለችው ልጄ ደወለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል። «እማዬ፣ ስም ቸግሮናል። የባሌ ቤተሰብ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚናገረው፣ የኔ ሥራ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። በሁለቱም የሚሆን አጣን» አለችኝ።

«ብታጡስ ምን ይመጣል?»

«ምን ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ስሟን ያጣምሙባታላ!»

ሳቅኩ፣ እሷም ተቀየመች። እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኛ ስም ያስጨነቀን ልጅቱን ከየትኛው አፈር እንደምናስገባት ነበር፤ እነሱን ስም የሚያስጨንቃቸው በየትኛው ምላስ ላይ እንደሚመች ነው። ተመስገን ነው መባል ያለበት። «እንግዲያው ሁለት አውጡ» አልኳት። «የእንግሊዝኛውን አማትሽ ያውጡ፣ የፈረንሳይኛውን አንቺ አውጪ። ከዚያ ያወጣችሁትን እየጠራችሁ አፋችሁን አለማምዱ።» «እማዬ ደግሞ፣ ቀልድሽ አያልቅም!» አለችኝ። ያን ጊዜ ግን የምሬን ነበር።

እኅቴ ዛሬ መካነ ሰላም ጨርቅ ትሸጣለች፣ በሁለቱም ስም ስትጠራ አቤት ትላለች፣ ስለ መቃብሯም እስካሁን የነገረችን ነገር የለም። ባለፈው ዓመት እሷ ዘንድ ስሄድ ወደ ድሮው ማሳ ዘለቅሁ፤ ወይራው ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል። ጎንበስ ብዬ ያንን ልጅ ልጠራው ፈለግሁና በየትኛው እንደምጠራው ቸገረኝ፤ አንዱን ባነሣ ሌላው አያቴ ከተኙበት የሚቀየሙኝ መሰለኝ። ግራ ቀኝ አይቼ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ «ወንድሜ» አልኩት።