ታች ቤቶች ያሸነፉበት ገና

ልጅ እያለሁ፣ አንድ ዓመት፣ ሰፈሬ በገና ጨዋታ እንዲሸነፍ ጸልዬ ነበር። መሸነፍማ ለእኛ ለታች ቤቶች ብርቅ አልነበረም። ከአገራችን ከግምጃ ቤት ወጣ ብሎ ባለው መስክ በየዓመቱ ለሦስት ቀን ከላይ ቤቶች ጋር ሩር የምትባለውን ኳስ በዱላ እንለጋለን፤ ጉልበተኛው ጎረምሳ ሁሉ ግን እነሱ ዘንድ ነው። ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፣ ሽማግሌም ቢሆን አይቀርለትም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ስንሰደብ ነው ያደግነው።

የዚያን ዓመት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የላይ ቤቱ ትልቅ ሰው የአባ ታከለ የወንድም ልጅ አጎቴን በድንበር ጠብ ገድሎት፣ ሽማግሌዎች አስታርቀው ደሙን ካደረቁት ዓመት አልሞላም። እናቴ ታላቅ ወንድሜን ምትኩን ዘንድሮ እንኳ ይቅርብህ ብላ ለመነችው። አልሰማትም። «እሺ አሸነፋችሁ እንበል፣ ያን ጊዜ ማንን ልትሰድብ ነው?» አለችው። ዱላውን ይዞ ወጣ።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዳችን ተሸነፍን። በሁለተኛው ቀን፣ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም፣ አሸነፍን። በሦስተኛው ቀን መስኩ የተረገጠ ሣርና የላብ ሽታ ሸትቶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ምትኩ ሩሯን ለግቶ ከላይ ቤቶች መስመር አሳለፋት። ልጆቹ ተሸክመው እየጨፈሩ አባ ታከለ ፊት አቆሙት። የመጀመሪያውን ስድብ የሚሰድበው ሩር ያገባው ነው፣ የሚሰደበውም ትልቁ ሰው።

ምትኩ ዝም አለ። ጭፈራውም ቀጥ አለ። ከሁለቱም ወገን ዱላውን ያስቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም። እናቴ ትከሻዬን እስኪያመኝ ጨብጣኛለች፣ እኔም አልቅሼ ልለቀው ደርሻለሁ።

አባ ታከለ ቀስ ብለው ተነሡ። «ስደበኝ እንጂ፣ ልጄ» አሉት። «ዝም ካልኸኝ ደሙ አልደረቀም ማለት ነው።»

ወንድሜ ግጥሙን አወጣው፦

«ያባ ታከለ ፈረስ ስሙ የገነነ፣
ሩሯን ሲያይ ደንግጦ ጋጣ ውስጥ መነነ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ላይ ቤቶች ተከትለው ሳቁ፣ ከዚያ እኛ። እናቴ ብቻ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ባለፈው ገና አገር ቤት ነበርሁ። ጨዋታው ቀርቷል፣ መስኩ ባዶ ነው። በዚህ በክፉ ጊዜ ሰው ቃሉን መዝኖ ነው የሚናገረው። ከምትኩ ጋር ገበያ ወርደን የላይ ቤት ሰዎች አገኘን፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በትሕትና «ደህና ዋላችሁ» ብለው አለፉ። እሱም እንደዚያው። ቤት እስክንደርስ ልቤ አልተመለሰም። ከመካከላቸው አንዱ ዞር ብሎ ወንድሜን ቢሰድብልኝ ምንኛ በወደድሁ።