«የተበላሹ» የተባሉት የኦቻን ኮምፒውተሮች

«የንብረት ክፍል ሠራተኛችን አቶ ኦቻን ዛሬ በሞት ስለተለዩን፣ የአሮጌ ዕቃዎች ክፍል ቁልፍ በእጁ የሚገኝ ማንኛውም ሰው በአስቸኳይ እንዲመልስ እያሳሰብን፣ በስማቸው የተመዘገቡት የተበላሹ ኮምፒውተሮች በመጪው ቅዳሜ የሚወገዱ መሆኑን እንገልጻለን።»

ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

ኦቻን ያረፈው ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ይህ ወረቀት በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው አምስት ሰዓት ላይ። መሞቱን የሰማሁት ከወረቀቱ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ኦቻን ይሆናል ብዬ ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«የትኛው ኦቻን ነው?»

«የኮምፒውተሩ» አለኝ።

ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። አላለቀስኩም። አሁንም ምንም አይሰማኝም። እጄ ይጽፋል፣ እኔ ግን የለሁበትም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኦቻን እዚሁ ጋምቤላ ከእኔ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። እኔ ዕቅድ ክፍል፣ እሱ ንብረት ክፍል። በግቢው ጥግ በምትገኝ አንዲት ክፍል ውስጥ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች አኑሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ለሰው ይከፍት ነበር። ወረቀቱ «የአሮጌ ዕቃዎች ክፍል» የሚላት እሷን ነው። እኛ ሙዚየም እንላት ነበር።

ተማሪ ይመጣል። ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩ ቴክኒሻኖች ይመጣሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም አሮጌ ማሽን መሰብሰብ የሚወዱ ሦስት ወጣቶች ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቀኑን ሙሉ ከወለሉ አልተነሱም።

በዚህ ሙቀትና እርጥበት ፍሎፒ ዲስክ አይበረክትም። ኦቻን ግን ከአቦቦ የሚመጣ ሩዝ ፀሐይ ላይ አድርቆ ቆርቆሮ ውስጥ ይሞላና ዲስኮቹን በላስቲክ ጠቅልሎ እዚያ ይቀብራቸዋል። ሩዙ እርጥበቱን ይጠጣዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ሩዙን ይቀይራል። የወጣው ሩዝ ለዶሮዎቹ ነው።

ማሽኑን ሲያስነሳ በአኝዋክኛ ያናግረዋል። ምን እያልከው ነው ስለው «ሰላምታ ነው። አንተ ደገኛ፣ አይገባህም» ይለኛል። ማሽኑ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ጎብኚው ሲቁነጠነጥ ኦቻን እጁን ያነሳል፦ «ቆይ። እያሰበ ነው።»

ስብሰባ ላይ እኔ ስቆጣም ይህንኑ ለሰዉ ይናገርብኝ ነበር። «ቆይ። እያሰበ ነው።» ሰዉ ይስቃል። እኔም ሳልወድ እስቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጥቁሩን ስክሪን አይታ ከንፈሯን ገልበጥ አደረገች።

«ይሄ እኮ ከስልኬ ያንሳል።»

«ስልክሽ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ይሄ የአባትሽ እኩያ ነው። ጋሼ በይው።»

ልጅቷ እየሳቀች ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ደህና ዋሉ» አለች። ከዚያ ኦቻን ወንበር ስቦ አስቀመጣት። የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር መጻፍ ሲጀመር ለአንድ ፊደል ስንት ቁልፍ ይነካ እንደነበር አሳያት። ስሟን ራሷ ጻፈች። ከማሽኑ ጋር የተያያዘው አሮጌ ማተሚያ እየጮኸ ስሟን ነጥብ በነጥብ አወጣላት። ወረቀቱን ይዛ ስትሄድ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ረስታ ነበር።

እነዚህ ናቸው እንግዲህ «የተበላሹ» የተባሉት።

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብቡት። «የተበላሸ» የሚለውን ቃል መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲገቡ አሮጌዎቹ ወደ መጋዘን ሊጣሉ ነበር። ኦቻን ለሰው ላሳያቸው ብሎ ለመነ። የንብረት ቆጠራ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። የሚሠራ ዕቃ ከሥራ ውጭ ይሁን ብሎ የሚፈርም ኃላፊ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በአራቱም ትይዩ «የተበላሸ» ብዬ ሞላሁ። ያን ቀን ማንም አልጠየቀም።

ኦቻን አጠገቤ ቆሞ ያነብ ነበር።

«ይሠራሉ እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ብቻ ነው።»

«የሰው ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ታርማለህ። አሁን አንተ ራስህ ትዋሻለህ?»

በኋላ ሁለት ጊዜ አርምልኝ ብሎኛል። ሁለቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው ቆጠራ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት ቆጠራ አለፈ። ከኮሚቴው ወጣሁ፤ ቃሉ ግን እዚያው ቀረ።

የዛሬውን ወረቀት የጻፈው ሰው ክፍሏን ገብቶ አይቷት አያውቅም። መዝገቡን ገልጦ የእኔን ቃል ገለበጠ። ሰው ሳይቀበር ቁልፍ መጠየቁን ይቅር አልለውም። «የተበላሹ» በማለቱ ግን የምቆጣበት አፍ የለኝም።

ሁለተኛው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ኪሴ ውስጥ ነው።

ኦቻን፣ የእርማቱን ደብዳቤ ለቆጠራ ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት ጻፍኩት። ዘግይቻለሁ። «አራቱም ይሠራሉ፤ የተበላሸ ብዬ የመዘገብኩት ሐሰት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። ስሜም ፊርማዬም አለበት። ከቅዳሜ በፊት ኮሚቴው መጥቶ አንድ በአንድ ሲነሱ በዓይኑ እንዲያይ ጠይቄያለሁ። በሩን የምከፍተው ለዚያ ብቻ ነው። የምትላቸውን ሰላምታ አላውቀውም፤ ዝም ብዬ አስነሳቸዋለሁ።

ደህና ሁን ወንድሜ። ነገ አፈር እናለብስሃለን። የኮሚቴው ሰዎች ደግሞ መምጣት አለመምጣታቸውን እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ይመልሱልኝ። በቃል የሚነገረኝን አልቀበልም።