ድልድዩ ላይ የወረደው ቃሬዛ

እስከ ዛሬ የመኪና ጥሩምባ ስሰማ እጄ ድንጋይ ይፈልጋል። አርጅቼም አልተወኝም፤ እንዲተወኝም አልፈልግም።

በንጉሡ ዘመን ነው፣ ማሽላ በሚታጨድበት ወር። አባቴን ማሳ ውስጥ እባብ ቁርጭምጭሚቱን ነደፈው። እኔ ያኔ ሚስት ለማግባት የደረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ከሁለት አጎቶቼና ከሙስሊም ጎረቤታችን ጋር ቃሬዛ ላይ አጋድመነው ወደ ሸዋ ሮቢት ክሊኒክ ገሰገስን። በእኛ አገር በቀወት ቃሬዛ ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሳል፣ የቸኮለ ይቆማል፣ ትከሻ ያለው ይቀበላል። እስከ ደሴው መንገድ ድረስ የማናውቃቸው ሰዎች እየተቀባበሉ አደረሱልን። እዚያ ግን ሌላ ሕግ ጠበቀን።

የወንዙ ድልድይ ጠባብ ነው፤ መኪና ከገባበት ሰው የሚጠጋበት ጥግ የለውም። እኩሌታውን ካለፍን በኋላ ከወዲያ ማዶ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ገባ። እያየን ነው የገባው። አፍንጫችን ሥር ደርሶ ቆመ።

"ጌታው፣ እባብ የነደፈው ሰው ይዘን ነው። በአላህ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልን" አለው ጎረቤታችን።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "አንተ ባላገር! መንገዱ የተሠራው ለመኪና ነው። ለእግረኛማ ወንዙ አለላችሁ!"

አባቴ ከቃሬዛው ላይ እንደ ምንም ቀና አለ። በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ባለበት ይቆማል ይባል ነበር። አባቴ ይህን ከልቡ ያምናል። "በንጉሥ አምላክ! መንገድ ልቀቅ!" ብሎ ጮኸ።

ሾፌሩ ሳቀ። "ንጉሡም የሚሄዱት በመኪና ነው!"

"አውርዱኝ" አለን አባቴ። "እዚሁ። ወይ ይመለሳል፣ ወይ በላዬ ላይ ይሂድ።"

አባት ሲያዝ እምቢ አይባልም፤ አወረድነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን ተጭኖ ተቀመጠ፤ አባቴ ጥርሱን ነክሶ ተኛ። እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም ጠላኋቸው። ጭነቱ ላይ የተሳፈሩ ነጋዴዎች ወርደው ሾፌሩን ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ስንት ከተንገላታን በኋላ እየተሳደበ ወደ ኋላ ሄደልን። ማርሽ መቀየር ብቻ ነበር ሥራው።

አባቴ ክሊኒኩ በር ላይ ሞተ።

እናቴ ሾፌሩን አንድ ቀን እንኳ ስትረግመው አልሰማኋትም። ሬሳውን ይዘን ስንገባ ደረቷን እየደቃች የመጣችው ወደ እኔ ነው። "ቃሬዛውን ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ብትመልሱት ምን ነበረበት?" አለችኝ። ለእሷ መኪና እንደ ጎርፍ ነበር፤ ይመጣል፣ ይወስዳል፤ ከጎርፍ ደግሞ ምሕረት የሚጠብቅ የለም። ድልድዩ ላይ ሰው ብላ የቆጠረችው እኔን ብቻ ነው። እስክትሞት ይቅር አላለችኝም።