የፒልሬ አፍንጫ

የመንደሩ ሴቶች ከተራራ የለቀሙት ነገር ፒልሬ ሳታሸተው ቤት አይገባም። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በረዶው ሲሳሳ ከእርሻ ዳር የሚቆፈረው ሥራሥር፣ በሚያዝያ ፈርን የሚባለው ተክል የተጠቀለለ ቡቃያ፣ በግንቦት የድብ ቅጠል፣ በመስከረም እንጉዳይ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል። ሴቶቹ ሲመለሱ ጆንያቸውን ተራራው ላይ፣ መንገዱ ዳር ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይዘረግፋሉ፤ እሷ እፍኝ እፍኝ እያነሳች ታሸታለች።

በጥር ክፉ ጉንፋን ያዛት። ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ሽታው የሚሰነፍጥ የተብላላ ጎመን፣ ኪምቺ፣ የሞላበት ማሰሮ ውስጥ አንገቷን ብታስገባም ምንም የለም። ይመለስ ይሆናል ብላ ደበቀችው። ደግሞስ ምን ብላ ትናገር? ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ከተማ ናቸው፤ መንደሩ የሚፈልጋት ለአፍንጫዋ ነው።

በግንቦት ጎረቤቷ ዶክሱን ከወንዝ ዳር የቆረጠችውን አቀረበች። የድብ ቅጠል መዓዛው ያውዳል፤ በጥሬው ሩዝና ሥጋ ተጠቅልሎበት ይበላል። መንትያው የሚመስለው የእንስራ ቅጠል ግን መርዝ ነው፣ መዓዛም የለውም። ፒልሬ እፍኙን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፈነች።

«ጥሩ ነው፣ ውሰጂው» አለች።

እራት ላይ የዶክሱን ባል አፉ ደነዘዘ፤ ከዚያ ያስታውክ ጀመር። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛ።

ዶክሱን እያለቀሰች መጣች። «እትዬ፣ ዓይኔ ይጥፋ! እርስዎ ሲያዩት ደህና ነበር። በኋላ ስወርድ ሌላ ሳልቀላቅልበት አልቀረሁም፤ ፈዛዛ ነኝ።»

አልቀላቀለችም። ከድንጋዩ ጀምሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የወረዱት። ፒልሬ ይህን እያወቀች «አይዞሽ» ብላ ሸኘቻት። ለበሽተኛው የሩዝ አጥሚት ሠርታ ወሰደችለት።

ክረምቱን ሙሉ ዶክሱን መቀለጃ ሆነች። «ባልሽን ልትገላገይው ነበር አሉ?» «ለእሷማ ሣር ሁሉ ጎመን ነው!» ዶክሱን ፊቷ እየቀላ አብራ ትስቃለች። ፒልሬም ሳቀች። ዛሬም ትዝ ሲላት ጆሮዋን የሚያግላት ያ ሳቅ ነው።

መስከረም ላይ እንጉዳይ ወጣ። ዶክሱን ከሁሉም ቀድማ ጆንያዋን ዘረገፈች። «በደንብ ያሽትቱልኝ፣ እትዬ። እኔ እንደሆንኩ እጄን አላምነውም።»

ፒልሬ አንዱን አነሳች። እንጉዳይ ከተሳሳቱት ነፍስ አያስተርፍም።

«አይሸተኝም» አለች።

«እንዴ! ተበላሽቷል?»

«እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ከጥር ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ያን ቅጠልም ዝም ብዬ ነው ያሳለፍኩት።»

አንዷ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ዶክሱን ከእንጉዳዩ ቀና አለች።

«አጥሚቱን ይዘው ሲመጡ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። እንጉዳዩን እዚያው ትታ ባዶ ጆንያዋን አጠፈች። «ለባሌ እርስዎ ይንገሩት። እኔ አልነግርልዎትም።»

ፒልሬ ከተራራው በቀጥታ ወደዚያ ሄደች። ሰውየው ግቢው ውስጥ በርበሬ ሲያሰጣ አገኘችው። ብድግ ብሎ ምንጣፉን በሁለት እጁ አስተካከለላት።

«ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ። ሩዝ አለ።»

«አልቀመጥም» አለች፣ ጭቃ የያዘ ጫማዋን እያየች። «መጀመሪያ የምልህን ስማ።»